ክረምት በር የሚዘጋበት ወራት አይደለም
(ለተማሪዎችና ለመምህራን ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)




ፈተና ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ከሩቅ የመጣችሁ ሻንጣችሁን እያዘጋጃችሁ ነው። ቤታችን ደሴና ኮምቦልቻ የሆነው እኛ ግን የምንሄደው ከግቢው በር እስከ ሰፈራችን ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ራሳችንን ነው። ይኸውም በሚመጣው ክረምት እኛና ቤተ ሰቦቻችን እንዴት እንውላለን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ዋጋ የሌለው መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። «ዝናም ሲዘንም ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ሌላ ምን ያደርጋል?» ይለን ይሆናል። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲሁ እንል ነበር። በሐምሌ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ እስከ ደጃፍ ይደርሳል። ከሰል ይቀጣጠላል፤ ቡና ይፈላል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ልጆች «ውጪው ጭቃ ነው» ተብለው ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መስከረም ይዘለቃል። በሰሜን አገሮች ክረምት ሲባል በረዶ ነው፤ በእኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናም ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ሰውን የሚፈትነው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም በር ዘግቶ መቀመጥ ነው።

ዛሬ ልናስረዳ የምንሻው አሳብ አጭር ነው። ስለ አካባቢያችን አፈር፣ ውሃና ዛፍ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘው በክረምት ነው፤ እኛ ግን ልክ ትምህርቱ ሲጀመር ከክፍሉ ወጥተን እንሄዳለን። በበጋ ቦዩ ደረቅ ነው፤ ተዳፋቱ ዝም ብሏል። ውሃው ከየት እንደሚነሣ፣ ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ የሚታየው ሲዘንም ነው። ይህንንም ማየት ያለበት ተማሪው ብቻ አይደለም፤ እናትና አባት፣ አያትና ሕፃን አብረው ሊያዩት ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ አገራችን አቀማመጥ ጥቂት እንናገር። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት ከ600 ሜትር ያላነሰ ነው። ቦርከና ወንዝ ከደሴ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ውሃውን እየሰበሰበ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል አልፎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያም ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል። ጨፋ በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰማሩበት ልምላሜ ነው። ውሃው በመጨረሻው ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ እንደምታውቁት ወደ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ተጉዞ በጂቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ይህ ምን ማለት ነው? በደሴ አንድ ሰፈር ውስጥ ወደ ቦይ የተጣለ ፌስታል ባሕር ወስዶ አያስቀርልንም ማለት ነው። ወይ ኮምቦልቻ ላይ ድልድይ ሥር ይቀራል፤ ወይ ጨፋ ላይ ከሣር ጋር ላም ትበላዋለች። «ዓባይ ማደሪያ የለው፤ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ቦርከና ግን ማደሪያ አለው፤ ማደሪያውም የወንድሞቻችን መስክ ነው። ደግሞም ጥፋቱ የላይኛው ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ተመራማሪዎች በከተማይቱ ካሉ ፋብሪካዎች በሚወጣው ፍሳሽና ፍሳሹን ተቀብለው ወደ ቦርከና በሚያስገቡት ትናንሽ ወንዞች ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉትን ብረቶች ለክተው ጽፈዋል። ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በወንዙ ዳር ልብስ የምታጥበው እናት አላነበበችውም። እኛ አንብበናል፤ ለእርሷ ግን አልነገርናትም።

አሁን ደግሞ ሕዝባችን በክረምት ከቤት አለመውጣቱን ደግፎ የሚያቀርባቸውን ምክንያቶች እንመልከት።

አንደኛው ምክንያት «ልጁን ብርድ ይመታዋል» የሚለው ነው። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ከፍቅር የተነሣ ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባም። እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆየት በእውነት ይጎዳል። ነገር ግን ጉንፋንና የሳንባ ምች የሚመጡት ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉ ጀርሞች ነው፤ እነዚህም በብዛት የሚተላለፉት ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በተቀመጠበት በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከሰሉ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል። እንግዲህ ልጅን ከብርድ ለማዳን ብለን የምንዘጋው በር ለባሰ ነገር አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል። በኖርዌይና በፊንላንድ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በበረዶ ወራት እንኳ ሳይቀር በየቀኑ ወደ ውጪ ያወጣሉ። እነርሱ ከእኛ የሚበልጡት በልብስ አዘገጃጀት ነው እንጂ በልጆቻቸው ጥንካሬ አይደለም። ለእኛም የጎማ ቦት ጫማ፣ ለራስ የሚሆን ላስቲክና ሲመለሱ የሚቀየር ደረቅ ልብስ ካለ ለአንድ ሰዓት መንገድ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት «ልማዳችን አይደለም» የሚለው ነው። ይህ ግን እውነት አይደለም። ልጆች ቡሄ የሚጨፍሩት በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ነው። በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናሙ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ሮጠው ይወጡበታል። የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ የሚለቅሙት ከየተራራው ነው። ዝናም ሲጠፋ ወሎዬው በአንድ ወገን በምሕላ፣ በሌላው ወገን በዱዓና በወዳጃ ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። ገበሬው ወገናችን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ውጪ ነው፤ እርሱ በር ቢዘጋ እኛ ምን እንበላለን? በር መዝጋትን ያመጣነው እኛ ከተሜዎቹ ነን።

ሦስተኛው ምክንያት «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን የምናገኘው ከራሳችን ከወሎ ታሪክ ነው።

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ምን እንደ ደረሰባት በዚህ ስብሰባ ለተገኘ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከየቤታችን የሞተ አለ። የበልግም የክረምትም ዝናም የምንጠብቅ ሕዝብ በመሆናችን አንዱ ሲቀር እንታመማለን፤ ሁለቱ ሲቀሩ እንሞታለን። በ1965 ዓ.ም. የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያዩትን ረኀብ በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ። ነገሩ ይሸፋፈን በነበረበት ጊዜ ተማሪው እውነቱን ያወቀው ሰዎች ወጥተው በዐይናቸው ስላዩት ነው። ወጥቶ የማየት ነገር ለሽርሽር ብቻ እንዳይመስለን ይህን እናስታውስ።

ከረኀቡ በኋላ በስንዴና በዘይት ክፍያ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ችግኝም ተተከለ። የሠራው እጅ የሕዝቡ ነበር፤ ዛፉ ግን የማን እንደ ሆነ ለሕዝቡ ግልጽ አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ የተተከለው ደን ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም ፈረሰ። ያን ያደረገው ሕዝብ ክፉ ሆኖ አይደለም። በትእዛዝ የተተከለውን ዛፍ የራሱ አድርጎ አላየውም ነበር፤ ያላወቁትን ነገር ደግሞ ማንም አይጠብቅም።

ቅርብ ወደ ሆነው ጊዜ ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ያ ቀን ብዙ ሰው ከቤቱ ያወጣ ስለ ሆነ መልካም ቀን ነበር። ነገር ግን ችግኝ በአንድ ቀን ይተከላል እንጂ በአንድ ቀን አያድግም። የሚያስፈልገው ከሐምሌ 22 በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ነው።

ይህን ስንል ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሳችን ጥፋተኞች ነንና። ካቻምና በሐምሌ ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን በአንድ ተዳፋት ላይ ችግኝ ተከልን። ዘፈን ነበረ፤ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነን ደስ ብሎን ተመለስን። በጥር አንዳችን «እስቲ ሄደን እንያቸው» አለ። ሄድን። አብዛኞቹ ደርቀዋል፤ ከፊሉን ፍየል በልቶታል። አንዳንዶቹን ነቅለን ስናይ ሥራቸው ከነፕላስቲኩ ነበር፤ እኛው ራሳችን በችኮላ ላስቲኩን ሳናወልቅ ቀብረናቸዋል። በዚያን ቀን ወደ ከተማ ስንመለስ የተነጋገረ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አየን። ከተዳፋቱ ግርጌ ካለች አንዲት ቤት አጠገብ የነበሩት ጥቂት ችግኞች በሕይወት ነበሩ፤ ዙሪያቸውም በእሾህ ታጥሯል። እንዴት እንደ ዳኑ የቤቲቱን እመቤት ጠየቅናቸው። «ልጆቹ ስም አውጥተውላቸው ነው፤ እንዴት ይሙቱ?» አሉን። ልጆቹ እህል የታጠበበትን ውሃ እየወሰዱ በጋውን ሙሉ ሲያጠጧቸው ከርመዋል። ያችን ቤት ስለ አካባቢ ጥበቃ ያስተማራት ሰው አልነበረም። ልጆቹ ግን በየቀኑ ወጥተው ያዩዋቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ አምና ክረምት ሌላ ነገር ሞከርን። በሰፈራችን ያሉ አምስት ቤተ ሰቦችን ለምነን በእሑድ ቀን ይዘናቸው ወጣን፤ ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ መልስ፣ እስላሞቹ ከዙሁር ሶላት በፊት የሚመቻቸውን ሰዓት መረጥን። በመጀመሪያው እሑድ እንደ ተማሪነታችን ረዥም ንግግር አዘጋጅተን ነበር፤ «ሥነ ምኅዳር»፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚሉ ቃላት የሞሉበት። ልጆቹ ጭቃ ማቡካት ጀመሩ፤ አባቶች ሰዓታቸውን አዩ። በዚህ መካከል አንዲት አያት በምርኩዛቸው ወደ አንድ ሸለቆ እያመለከቱ «እኔ በሙሽርነቴ ይህን ቦይ በአንድ እርምጃ እሻገረው ነበር» አሉ። ሁሉም ዞረው አዩ። ቦዩ ዛሬ ገደል ሆኗል፤ በሬ ቢገባበት አይታይም። ልጆቹ «ለምን ሰፋ?» ብለው ጠየቁ። ንግግራችንን አጥፈን ኪሳችን ከተትነው፤ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበርና።

በሁለተኛው እሑድ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዘን ወጣን። ካፊያው ወደ ዶፍ ሲለወጥ ከአንድ ቤት ጥግ ተጠለልን፤ ዝናሙ ጋብ ሲል አንዱን ሃይላንድ ከተራቆተው ተዳፋት ከሚወርደው ጎርፍ፣ ሁለተኛውን ከብት ከማይገባበት ሣር ከለበሰው ተዳፋት ከሚወርደው ውሃ ሞላን። ሁለቱን አንድ ቤት መስኮት ላይ አሳደርናቸው። በማግሥቱ የመጀመሪያው ሃይላንድ ሥር ወፍራም አፈር ረግቶ ተገኘ፤ የሁለተኛው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ አፈሩን አይቶ «ይህ የነማን ማሳ ነው?» ሲል ጠየቀ። እኛ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም። በ1978 ዓ.ም. የወጣ የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ጥናት በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር ይታጠባል ብሎ ገምቶ ነበር። ያን ቁጥር ለፈተና ሸምድደነዋል። የዚያ ሕፃን ጥያቄ ግን ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አሳየን፤ ያ አፈር የሰው ማሳ ነበር።

ይህን ስንናገር በቅርባችን ያለውን አንድ ሥራ ማንሣት ይገባናል። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ፣ በማይባር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በዚያ የሠሩ ሰዎች በየዝናሙ እየወጡ የዝናሙን መጠን፣ የጎርፉን ብዛትና የታጠበውን አፈር ይለኩ ነበር። እንዲህ ያለ መለካት ከሚያስተምረን ነገር አንዱ አፈር ዓመቱን ሙሉ በእኩል የማይታጠብ መሆኑ ነው፤ አብዛኛው የሚሄደው በጥቂት ኃይለኛ ዝናሞች፣ ይልቁንም ማሳው ታርሶ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን ነው። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ዓመቱ ያልፍበታል።

በሦስተኛው እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ከዚያ ካሉት ጓደኞቻችን ቤተ ሰቦች ጋር በወንዙ ዳር ተገናኘን። የደሴ ልጆች የራሳቸውን ከተማ ቆሻሻ ድልድይ ሥር ተከማችቶ አዩት። ከኮምቦልቻ እናቶች አንዷ እየሳቁ «እናንተ ናችኋ የምትልኩልን!» አሏቸው። ሳቁ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ከአምስቱ ቤቶች ቢያንስ በሦስቱ ቆሻሻ ወደ ቦይ መጣል መቅረቱን እናውቃለን፤ ልጆቹ ይቆጣጠራሉና። ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም በተለጠፈ ማስታወቂያ ያልተገኘ ነገር ነው። ከዚያም ቀና ብለን የየጎፍን ደን አሳየናቸው። ጽድና ወይራው በጉሙ ውስጥ ይታይ ነበር። ከደኑ የሚወርደው ውሃና ከተራቆተው የሚወርደው ውሃ ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ማንም አስረጂ አላስፈለገውም፤ ሃይላንዶቹን ያስታውሱ ነበርና።

ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻውን ነገር ሳንናገር ብናልፍ ስሕተት ይሆናል። በክረምት መውጣት ማለት በዘፈቀደ መውጣት ማለት አይደለም። የደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃው መሆኑን የጂኦሎጂ ሊቃውንት በተደጋጋሚ አጥንተው ጽፈዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በወረደው ናዳ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን ሮጠው የሄዱና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ስለዚህ የሚከተለውን ሕግ አድርገን እንያዝ።

ጎርፍ በሚወርድበት ቦይም ሆነ ወንዝ ማንም አይሻገር፤ ከጉልበት በታች ቢሆንም እንኳ። ከላይ ዘንቦ ከታች ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ይመጣልና ሕፃናት ከወንዙ አፍ አጠገብ አይቁሙ። መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ከተጋደመ፣ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ከዚያ ተዳፋት ፈጥኖ መራቅና ለቀበሌ መንገር ይገባል። ነጐድጓድ ሲሰማ ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ጸጥታው በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ ወደ ተራራ አንወጣም። እነዚህ ሁለት ከተሞች በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያዩትን መከራ የምንረሳ አይደለንም፤ ተራራውን ቀና ብለው ለማየት የሚፈሩ ቤተ ሰቦች እንዳሉም እናውቃለን። ለእነርሱ ከበራቸው ፊት ያለው ቦይ ይበቃል። ውሃው ከጣራቸው ወርዶ የት እንደሚደርስ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ተከትለው ቢያዩ የዓመቱን ትምህርት አገኙ ማለት ነው።

የምንናገረው ነገር አዲስ አይደለም። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በትብሊሲ ከተማ ስለ አካባቢ ትምህርት የተሰበሰበው የመንግሥታት ጉባኤ ይህ ትምህርት በትምህርት ቤት ውስጥና ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በማንኛውም ዕድሜ ላለ ሰው ሁሉ እንዲሰጥ ወስኗል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢውን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። መብቱንም ግዴታውንም በወረቀት ላይ እናውቃቸዋለን። እግራችን ግን ገና አያውቃቸውም።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

እያንዳንዳችን፣ በሄድንበት አገር ሁሉ፣ የራሳችንን ቤተ ሰብና ሁለት ጎረቤቶች እንያዝ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አራት ጊዜ ብቻ አብረናቸው እንውጣ፤ አንዴ ጎርፉን ለማየት፣ አንዴ በሃይላንድ አፈሩን ለመለካት፣ አንዴ ቆሻሻው የሚደርስበትን ለመከተል፣ አንዴም ችግኝ ለመትከል። ላስቲኩን አውልቀን እንትከል። ልጆቹም ስም ያውጡላቸው። አምስተኛው መውጫ በጥር ይሁን፤ የተከልነውን ለማየትና ውሃ ለማጠጣት። ይህን አምስተኛውን የዘለለ ሰው አራቱንም እንዳልሠራ ይቆጠር፤ እኛ ካቻምና የዘለልነው ይህንኑ ነበርና።

ከመምህራኖቻችን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የምታውቁትን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ አያቶቻችን ሲነበብላቸው ሊረዱት በሚችሉበት ቋንቋ ጻፉልን። ስለ ወንዛችን የተጠናው ነገር በወንዙ ዳር ለሚኖረው ሰው ይድረሰው። ሁለተኛ፣ ከእኛ ጋር ውጡ፤ ነገር ግን ለማስተማር አትቸኩሉ። አንዲት አያት በምርኩዝ ያመለከቱት ቦይ ከእኛ ንግግር ሁሉ የበለጠ ያስተማረ መሆኑን አይተናልና።

ይህን ሁሉ ካደረግን ቦርከና በአንድ ክረምት ይጠራል ብለን አንመካም። ፋብሪካ አለ፤ የከተማ አስተዳደር አለ፤ በቤተ ሰብ ጉልበት የማይደረስበት ሥራ አለ። ሆኖም ወንዙን የማያውቅ ሕዝብ ስለ ወንዙ አይጠይቅም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ ማንም አይመልስም። ያ የሰባት ዓመት ልጅ ነገ አድጎ «ይህ የነማን ማሳ ነው?» ብሎ ሹሙንም ባለ ፋብሪካውንም እንደሚጠይቅ ተስፋ እናደርጋለን። ለዚያ የሚያበቃው ዛሬ በጭቃው ውስጥ የሚሄዳት አንዲት ሰዓት ናት።

ጓደኞቻችን፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። እናቶቻችን «በሩን ዝጉት፤ ብርዱ ገባ» ይሉናል። እኛም በትሕትና «እማዬ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ጊዜ ወጥተን እንምጣ፤ አንቺም ነዪ» እንበላቸው።